ዝናቡ የሰኞ ነበር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው። ዝናቡ የሰኞ ነበር። አላበድክም፣ አልተሳሳትክም። ከደስታዬ የተነሳ ሁለት ወረቀት አበላሽቻለሁ፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ በዚያ ነው።

በወጉ ልንገርህ። ከፎቶ ኮፒ ክፍል አውጥተው ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጠውኛል። የአየር ጠባይ ቢሮው የድሮ ፋይሎቹን እያስተካከለ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ፊቱ ስለማይፈታ «ደመናው» የምንለው፣ በዕድሜ ልጄ ሊሆን ምንም የማይቀረው ሰው ነው። ሥራዬ በእያንዳንዱ የዝናብ መጠን ጎን ከመቼ እስከ መቼ የወረደ እንደሆነ መሙላት ነው። የድሮዎቹ ፋይሎች አንድ ቀን ብቻ ይዘዋል፤ መነሻና መድረሻ የላቸውም።

ያን ሰኞ ግድቡን የከፈትክበት ወር ላይ ስደርስ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ አነበብኩ። ጉዳይህን የያዙት አጣሪዎች እንዳሉት ሰኞ ባዶ ነው፤ ማክሰኞ ያ ሁሉ ዶፍ።

«ይሄ የማክሰኞው መቼ የወረደ ነው?» አልኩት።

«ማክሰኞ ጠዋት ተለክቷል።»

«የተለካበትንማ አየሁት። የወረደበትን ነው የምልህ።»

«እትዬ፣ ለኪው የዝናብ ማጠራቀሚያ ዕቃውን የሚያየው ጠዋት ጠዋት ነው። ከሰኞ ጠዋት እስከ ማክሰኞ ጠዋት የተጠራቀመው ነው። ያነበቡበትን ቀን ብቻ ስለጻፉ ነው የማክሰኞ የመሰለው። የረቡዕን ይመልከቱ፣ ባዶ ነው። ማክሰኞ ከተለካ በኋላ ጠብታ አልወረደም።»

ያን ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት ደግሞ ከጎርፉ በኋላ ሬሳ የፈለግነው በጨረቃ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሎ ተራራው ሳይቀር ይታይ ነበር። ታዲያ ሰኞ ቀን ካልዘነበ መቼ ሊዘንብ ነው? ይህን ስነግረው ደመናው መነጽሩን አስተካክሎ መስመሩን እንደገና አነበበው።

አንተ እኮ ነግረሃቸው ነበር። «ተራራው ላይ ዶፍ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ባልከፍተው ግድቡ ይናድ ነበር» ብለሃል። እነሱ ፋይሉን አዩና «ሳይዘንብ የከፈተ ሰካራም» አሉህ፣ መጠጥ ሲሸትህ የሚያስመልስህን ሰውዬ። መናገራቸውስ ይሁን። የኔን አንጀት የሚበላው በመጨረሻ አንተም ማመንህ ነው። «ምናልባት ያልነበረ ዝናብ አይቼ ይሆናል» ብለህ ሻንጣህን አንስተህ ሄድክ። እማዬ ታማለች ብዬ ስጽፍልህም «በምን ፊቴ?» ብለህ መለስክ።

ደመናው ለአጣሪዎቹ መሥሪያ ቤት ጽፎ ነበር። ጉዳዩ ተዘግቷል አሉት። እኔ ግን ወረቀቱን አትሜ ዳቦ ጋጋሪዋ ዘንድ ሄድኩ፣ ልጇን ጎርፉ የወሰደባት ጎረቤታችን ዘንድ። የምትሸሸው የሷን ዓይን እንደሆነ መች አጣሁት።

«ሰክሮ አልነበረም፣ ዝናቡ እውነት ነበር። ባይከፍተው ሁላችንም አልቀን ነበር» አልኳት።

«ልጄስ?»

እኔ ዝም ስል አስበው።

«እስከ ዛሬ የምጠላው ሰው ነበረኝ» አለች ከሊጡ ላይ ቀና ሳትል። «ጠዋት ጠዋት የምነሳው በሱ ነበር። አሁን በማን ልነሳ?»

ዳቦ ሳልገዛ ነው የወጣሁት፣ እሷም አልጠራችኝም።

ለእማዬ ጆሮዋ ስር ጎንበስ ብዬ ነገርኳት። ሰኞውን፣ ማክሰኞውን፣ ሁሉንም። ስጨርስ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣ «እኔ ድሮስ መቼ ማስረጃ ጠየቅሁት? ይምጣ» አለች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል አልወጣትም። ሐኪሙ በሩ ላይ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ የሚጠራ ዘመድ ካለ አሁኑኑ ይጠራ ብሎኛል። እንግዲህ ጠራሁህ።

ከአውቶቡስ ማቆሚያው እቀበልሃለሁ። መንገዳችን በዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። እሷ በሯ ላይ ትሆናለች፤ ሰላም አትልህም፣ አንተም እንድትልህ አትጠብቅ። ክንድህን ይዤ አብረን እናልፋለን። ዝምታዋ እንዳይሰማህ ቤት እስክንገባ ድረስ ወሬዬን አላቋርጥም።

ወሬኛዋ እህትህ