የእታለም የዳባት ማኅበር

ሐምሌ 16፣ ጠዋት

ዝናብ። መብራት የለም። ከጎንደር ደውለው ዝውውሩን አስፈጽም አሉኝ። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ ከነሐሴ ጀምሮ በሚኖርበት ከተማ ይውሰድ። ሐሳቡ የኔው ነው፤ እዚህ ደባርቅ የአካባቢው ወረዳዎች አስተባባሪ ሆኜ በስብሰባ የተሟገትኩለት። የዛሪማው ሰውዬ እዚያው ጤና ጣቢያ እያለለት ደባርቅ ሲመላለስ፣ የሊማሊሞ መንገድ ተናደና መድኃኒት አለቀበት። ለጥቂት ተረፈ። ማስታወሻዬ፣ ልክ ነኝ አይደል?

እታለም መጥታ ነበር። ወላጆቻችን ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ። እንደ ወትሮዋ በ21 ለማርያም ማኅበር ዳባት ልትሄድ ነው። ደባርቅ ማርያም የለችም ወይ ብዬ ቀለድኩባት። ዝም በል አንተ አለችኝ።

ሐምሌ 21፣ ማታ

ኧረ ጉድ! ዳባት ጤና ጣቢያ ሄጄ መድኃኒቱን ሊወስዱ ለተሰለፉት ስለ ዝውውሩ ተናገርኩ። አንድም ቀና ያለ የለም። ሲስተሯ ወደ ጎን ወሰደችኝ። እዚህ የሚመጡት የደባርቅ ሰዎች ናቸው፣ የዳባቶቹ ደግሞ እናንተ ጋ ይመጣሉ፣ ጎረቤት እንዳያያቸው፣ አለችኝ።

ስወጣ አግዳሚው ላይ ፊቷን በነጠላ የሸፈነች ሴት። አጠገቧ አገልግል። የእናታችን አገልግል! ማሰሪያውን የጠገንኩት እኔ ነኝ።

እንዳላየ አለፍኩ። አይታኝ ይሆን? እንጃ።

ሐምሌ 22

እንቅልፍ የለም። ከመቼ ጀምሮ? ከኔ ትደብቃለች? ተናደድኩ። ቆይቼ አፈርኩ። ምኑን ከምን ላድርገው?

ሐምሌ 25

እታለም መጣች። ሳልጠይቃት፣ ማኅበሩን ትቼዋለሁ አለች። እግሬን ያመኛል፣ መንገዱም ጭቃ ነው። ፈገግ ብላ፦ «ደባርቅ ማርያም የለችም ወይ ያልከው አንተ አይደለህ?»

ደባርቅ ሆስፒታል ብትሞት አትሄድም፤ ካርድ ክፍል ያለችው የልጇ አማት ናት። መድኃኒቱን ልትተው ነው። እህቴ ልትሞትብኝ ነው፣ በገዛ ሐሳቤ!

ሐምሌ 26፣ ጠዋት፣ መናኸሪያ

ወደ ጎንደር። ሰው በፈለገበት ይውሰድ እላለሁ። ራስህ ያመጣኸውን? ቢሉኝስ? የዛሪማውስ ሰውዬ? አላውቅም። የሷን ስም ግን አላነሳም።

ስመጣ በደጇ አለፍኩ። ማኅበርሽን እንዳትተዪ አልኳት፤ ዝውውሩ ቀርቷል፣ በሚቀጥለው 21 አብሬሽ እሄዳለሁ፣ አገልግሉን እኔ እይዛለሁ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ፣ ማሰሪያው እንደገና ላልቷል፣ ስትመለስ አጥብቅልኝ አለችኝ።

ቀርቷል አልኩ። ገና ማንም አልሻረውም። ረዳቱ እየተጣራ ነው፤ እምቢ ቢሉኝ እኮ…