ገመዱ ተገልብጦ ስለተመረቀው የውሃ ማጣሪያችን

ለተከበሩ የወረዳችን የውሃ ጉዳይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ አሰላሙ አለይኩም። የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ አቧራችንን ችላ የምትመላለሰውን የላንድክሩዘርዎንም ጤና አላህ ይጠብቅልን። እኔ ሐምዲያ ሷሊሕ እባላለሁ፤ ከሸዋሮቢት ወደ ካራቆሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር ለአሥራ አንድ ዓመት ቦኖ ውሃ ሳስቀዳ ኖሬ፣ ባለፈው ወር በእርስዎ ፊርማ እንዳርፍ የተፈቀደልኝ ሴት ነኝ። ለእረፍቱ እያመሰገንኩ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ከጉድጓዳችን በላይ ነዳጅ የጫነ ቦቴ ተገልብጦ ሲቃጠል እሳቱ በአረፋ መጥፋቱን ያስታውሳሉ። አረፋው ወደ መሬት ሰረገ። ከዓመታት በኋላ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ተመራማሪ ሩት ውሃችንን አስመርምራ፣ በአረፋው ውስጥ የነበረው የፍሎሪን ኬሚካል እንደማይበሰብስ፣ ቢያፈሉትም እንደማይጠፋ፣ ጉበት እንደሚጎዳ ነገረችን። ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ “አፍልታችሁ ጠጡ” የሚል ማስታወቂያ ለጠፈልን። ወረቀቱ ጥሩ ነበር፤ እሳት ለማያያዝ ጠቅሞናል።

፪. ሩት ግን ማጣሪያ ይዛ ተመለሰች። በባትሪ ይሠራል፤ ኤሌክትሪኩ በአንድ በኩል ሲሄድ የከሰል ሳህኖቹ ኬሚካሉን ከውሃው ስበው ይይዛሉ፣ ሲሞሉ ኤሌክትሪኩ ይገለበጥና የያዙትን ይተፋሉ። “እትዬ ሐምዲያ፣ ሲስብ ወደ ቦኖው፣ ሲተፋ ወደ በርሜሉ፤ እሱን ብቻ እንዳያሳስቱ” ብላ አስተማረችኝ። አምስት ወር ሙሉ አንድ ቀን አላሳሳትኩም። በምርመራም ውሃችን ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ከሩቅ ምንጭ በአህያ ትጭን የነበረችው ጎረቤቴ ብዙነሽ አህያዋን አሳረፈች።

፫. ከዚያ እርስዎ ሊመርቁልን መጡ። አምስት ወር የሠራ ነገር ገና እንዳልተጀመረ ያወቅነው ያኔ ነው። ለድምፅ ማጉያው ባትሪ ጠፋና ሰዎችዎ የማጣሪያውን ነቀሉ፤ ከንግግርዎ በኋላ ሲመልሱት ቀዩን ገመድ በጥቁሩ ቦታ አሰሩት። ሳህኖቹ ደግሞ ጢም ብለው ሞልተው ነበር። “ጌታው፣ አይክፈቱት፣ ሊተፋ ነው!” ብዬ ብጮህ “እናት፣ ፕሮግራም አይረብሹ” አሉኝ። ከፈቱት፤ አንድ ብርጭቆ ቀድተው ግማሹን ለካሜራው ጠጡ፤ ሕዝቡም ጀሪካኑን ይዞ ተሰለፈ። ቧንቧውን ዘግቼ ፊቱ ቆምኩ። ብዙነሽም ከሰልፉ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ከእርስዎ በቀር ማንም አልጠጣም።

፬. ለዚህ ሥራዬ በግምገማ “ፀረ ልማት” የሚል ማዕረግ ሰጡኝ። ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጠች ሴት ከፍ ያለ ነው፤ አመሰግናለሁ። ማጣሪያው ግን ምን አጠፋ? መጋዘን ከተቆለፈበት ይኸው ሦስት ሳምንቱ፤ አህያ የሌለው ሁሉ ያንኑ ጉድጓድ እየጠጣ ነው።

ስለሆነም የመጋዘኑን ቁልፍ ለሩት እንዲሰጡልን እለምናለሁ። እኔን ባይመልሱኝም አልቀየምም፤ ቀይና ጥቁር የሚለይ ሰው ግን ይመደብልን። እስከ ጁምዓ ካልተሰጠን የመንደሩ ሴቶች ከነጀሪካናችን ደጃፍዎ ድረስ መጥተን ልንጠይቅዎ ተስማምተናል።

ታዛዥዎ ልሆን ሞክሬ ያልሆነልኝ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከደረቀ ጉሮሮ ጋር፣
ሐምዲያ ሷሊሕ
ግንቦት 2008 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ በብርጭቆው ያስተረፉትን ግማሽ ሩት አስመርምራዋለች። ውጤቱን እዚህ ብጽፈው እንዳያስደነግጥዎ ብዬ ተውኩት፤ ማወቅ ከፈለጉ ማመልከቻዎን በሦስት ኮፒ አዘጋጅተው ነገ ይምጡ።