ያልተሰፋ ወገብ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን፣ ከቁርስ በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? ባልሽንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ተመስገን፣ አለሁ። ሕመሙን በመርፌ ያስታግሱልኛል። ሲስተር ጠዋት ጠዋት ገላዬን በሞቀ ውሃ ታብሰኛለች፤ በሩን ሳታንኳኳ አትገባም። በስተርጅና እንዲህ እከበራለሁ ብዬ አስቤም አላውቅ።

«ማገገሚያ ቤት ነኝ» ያልኩሽ ግን ውሸት ነው። እዚህ የሚያገግም የለም። የማንድን ሰዎች ሕመማችንን እያስታገሱልን የምንሰነብትበት ቤት ነው። አትቆጪኝ፤ ፈርቼ ነው።

ስፌት መኪናዬን ይዤ መግባቴን ነግሬሻለሁ። እዚህ ሰው በየሳምንቱ ይከሳል፣ ልብሱ ይሰፋዋል፤ እኔ አጠብበዋለሁ። ሰው ልኩን ለብሶ ሲቀመጥ ቢታመምም ያምርበታል። ከውስጥ በኩል እንደ ድሮ ልማዴ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ እተዋለሁ፤ ደንበኛው ቢወፍር ተተርትሮ እንዲሰፋለት። ጎረቤቴ ጡረተኛው ሹፌር ይስቅብኛል። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን የምትተወው ለማን ነው? የኔ መንገድ እንደሆነ ቁልቁለት ነው፤ ፍሬኑም አይዝም» ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ አብሮን የተኛውን የአንድ አስተማሪ ኮት ለአራተኛ ጊዜ ሳጠብብ፣ ትርፉ ተደራርቦ ጎኑን አሳበጠብኝ። በመቀስ ቆረጥኩት። ያወቀው እጄ እንጂ ልቤ አይደለም። አስተማሪው ለበሰና ውስጡን በጣቱ ዳሰሰ።

«ቆረጥከው እንዴ?»

«እንዲያምርብዎ ብዬ ነው፣ መምህር።»

«ደግ አደረግክ» አለኝና ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆለፈ። ሐሙስ አረፈ።

«ትርፉን የቆረጠበት ሰው አይሰነብትም» የሚል ወሬ ቤቱን ሞላው። አሁን መቀስ ሳነሳ ጨዋታው ቀጥ ይላል። ሹፌሩ እንኳ ቀልዱን ትቶ ሱሪውን በገመድ ታጥቆ ይውላል እንጂ ለእኔ አይሰጠኝም። «እኔ ሐኪም አይደለሁ፣ ምን አውቃለሁ!» ብል ማን ይስማኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እጄ ያውቃል። አርባ ዓመት የሰው ገላ ሲለካ የኖረ እጅ ነው።

ቅዳሜ ዕለት የራሴን ሱሪ አጠበብኩ። በዚህ ወር ሦስተኛዬ ነው። ስጨርስ ቁራጩን ጨርቅ ጭኔ ላይ አገኘሁት። መቀሱን መቼ እንዳነሳሁት አላስታውስም። ሲስተርን ጠርቼ «ልጄ የምትመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ እቆያት ይሆን?» አልኳት። ለሁሉም መልስ የማታጣ ልጅ፣ ትራሴን ብቻ አስተካከለችልኝ።

ስለዚህ ጨርቅ አስገዛኋት። ጥቁር ነው፤ አትደንግጪ። ለሰው ሁሉ ስሰፋ ኖሬ፣ ልጄ በእኔ ቀን ትከሻው የተንጋደደ የሱቅ ቀሚስ ለብሳ አትቆምም። እጅጌው አልቋል፣ አንገቱም አልቋል። ወገቡን ግን አልሰፋሁትም። ስትሄጂ ሸንበቆ የመሰልሽ ልጅ ነበርሽ፤ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ነሽ። በግምት አልሰፋልሽም።

ልጄ፣ ከሥራሽ እንዳላስተጓጉልሽ እየሰጋሁ እስከ ዛሬ ነይ ብዬሽ አላውቅም። አሁን ነይ እልሻለሁ። ቲኬቱን ዛሬውኑ ቀይሪው።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ እንደ እኔ ደጅ ደጁን ከማየት ይሰውርሽ። ካልደረስሽ ሲስተር ወገቡን ልትጨርስልሽ ቃል ገብታለች፤ እጇም ክፉ አይደለም። እኔ ግን እንዲጨርሰው የምፈልገው የራሴ እጅ ነው።

ነይልኝ።

አባትሽ