የዓመቱ ጥቅስ የይለፍ ቃላችን ስለሆነበት ጉዳይ

ለተከበሩ ወንድም ዋቅጅራ
የኅብረታችን የሚዲያ አገልግሎት አስተባባሪ
የካ

የጌታ ሰላም በቤትዎ ይብዛ እያልኩ፣ ጤናዎ እንደ በራስ መተማመንዎ የበረታ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በወረቀት ጽፌ የአዳራሹ በር ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ፤ ከኅብረቱ የቴሌግራም ግሩፕ ስላስወጡኝ ሌላ መናገሪያ አልተረፈኝም።

አንደኛ፣ የሁላችንም የቴሌግራም የይለፍ ቃል የዓመቱ ጥቅስ ምዕራፍና ቁጥር እንዲሆን መስከረም ላይ ከመድረክ ስላዘዙልን አመሰግናለሁ። አረጋውያን እንዳይረሱት አስበው ነው። ጥቅሱ በትልቅ ባነር ታትሞ አጥሩ ላይ ስለተሰቀለ፣ በታክሲ ወደ ሾላ ገበያ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ እንዳይረሳው ሆኗል።

ሁለተኛ፣ ቴሌግራም ውስጥ ለመግባት ስልካችን ላይ የሚመጣውን ኮድ ለእርስዎ መላክ ስላስለመዱን አመሰግናለሁ። ስልክ በቀየርን ቁጥር ኮዱን ተቀብለው የሚያስተካክሉልን እርስዎ ነበሩ። ስለዚህ ባለፈው ማክሰኞ የእርስዎን ስምና ፎቶ የለጠፈ ሰው ኮዱን እንድልክለት ሲጠይቀኝ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳላስጠብቀው ላክሁለት። ታዛዥ ነኝና። ኮድ ለማንም፣ ለአስተባባሪም ቢሆን፣ እንደማይሰጥ የነገረችኝ በማግስቱ ያገኘኋት ሰልማ የምትባል የሞባይል ጠጋኝ ናት። እርስዎ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ጊዜ እንደማይኖርዎት ይገባኛል።

ሦስተኛ፣ ስላደረጉልኝ ማጣራት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አካውንቴ መሰረቁንና በአዲስ ቁጥር ሌላ መክፈቴን ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በአካል ስነግርዎት፣ እውነቱን ለማረጋገጥ ብለው ለዚያው ለተሰረቀው አካውንት ጻፉለት። ሌባውም እኅት አሳየች እኔው ነኝ፣ በአዲስ ቁጥር የምትመጣዋ አጭበርባሪ ናት ብሎ መለሰልዎ። እርስዎም ፊትዎ ቆሜ እያዩኝ አዲሱን ቁጥሬን አገዱት። አሁን ግሩፑ ላይ ለመናገር በአካውንቴ መግባት አለብኝ ተብያለሁ፤ አካውንቴ ደግሞ ሌባው እጅ ነው። መግቢያም መውጫም አጥቻለሁ።

አራተኛውን በምስጋና ልጽፈው ሞክሬ አቃተኝ። የሴት ወጣቶችን ክፍል ባስተማርኩባቸው ስድስት ዓመታት አሥራ ዘጠኝ ልጆች ለእናቶቻቸው ያልነገሩትን ለእኔ ጽፈውልኛል። የጻፉት ሁሉ አሁን በዚያ ሰው እጅ ነው። ከመካከላቸው አንዷን፣ ምስጢሯን ለወላጆቿ እንደሚልክ በእኔ ስም እየጻፈ ያስፈራራታል። ልጆቹን ለማስጠንቀቅ ከየካ ሚካኤል እስከ እንጦጦ ግርጌ በእግሬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው፤ እስካሁን ያገኘሁት ሰባቱን ብቻ ነው። ያቺ ልጅ በር አልከፈተችልኝም። ከእንግዲህ እንዳላስፈራራት ከበሩ ኋላ ሆና ለመነችኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ያንን አካውንት ዛሬውኑ ከግሩፑ አስወጥተው፣ በስሜ የሚጽፈው ሰው እኔ እንዳልሆንኩ ለልጆቹም ለወላጆቻቸውም ያስታውቁልኝ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እርስዎ ባያረጋግጡልኝም በሕይወት ያለሁት፣

ታዛዥ እኅትዎ
አሳየች

ማስታወሻ፦ ልጅዎ ወንጌልም ከአሥራ ዘጠኙ አንዷ ናት። ምን እንደጻፈችልኝ ግን እንዳይጠይቁኝ፤ ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ምስጢር መጠበቅ አለብን።