ሳጥኑን ማን ያዞረዋል

ግንቦት 3፣ ጠዋት 1 ሰ.
ምስር ታጥቧል። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ጨው፣ ሁሉም አንድ ላይ። ጥቁሩን ድስት የፀሐይ ሳጥኑ ውስጥ፣ መስታወቱን ግጥም፣ የሚያንጸባርቀውን ክዳን ቀና፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ። እኔ ወደ መ/ቤት። ደብተሬ፣ ሰመራ ከመጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ከሰላምታ ያለፈ ወሬ የማወራው ካንቺ ጋር ብቻ ነው።

6፡30
በስሏል! ሳጥኑን የሠራልኝ የሎግያው አናጢ እጁ ይባረክ። በዚህ ሙቀት ከሰል ፊት መቀመጥ ቀረ። ግቢ ቆሜ ደብረ ብርሃን ላለችው እህቴ ደወልኩ። ራሱ ይበስላል፣ ማንም አያስፈልገኝም አልኳት። ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ። እንጃ ለምን።

ግንቦት 8
ግማሹ ተረፈ፤ ደፋሁት። ለአንድ ሰው የሚሆን ድስት አይሠሩም እንዴ?

ግንቦት 11
ምስሩ ጥሬ። ፀሐይዋ ግን አናት ትበሳለች። ተናድጄ ዳቦ በሻይ።

ግንቦት 12፣ 6፡40
ዛሬም ጥሬ! መስታወቱ ደህና ነው። ሳጥኑ ግን ጠዋት እንደተውኩት ወደ ምሥራቅ ቆሟል፤ የክዳኑ ጥላ ድስቱ ላይ። ሌላ ቀን ስመጣ ከፀሐይዋ ጋር ዞሮ ነበር የማገኘው። እኔ ሞኟ! ሳጥን ራሱ ይዞራል?

ግቢው ውስጥ ያለነው እኔና እትዬ ዘሃራ ነን፤ ከወሎ መጥተው ሱቅ የከፈቱ ሴትዮ። ረፋድ ላይ ለዱሃ ሰላት ታጥበው ውዱእ የሚያደርጉት ሳጥኑ አጠገብ ካለው በርሜል ነው። ጆጋቸው ደርቋል። ሱቃቸው ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው። እያየሁ አላየሁም። ልሂድ።

11 ሰ.
ወባ። ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ የሚያቀብላቸው ሰው ሳይኖር! በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው፤ መድኃኒት ይዘን ተመለስን። አፈርኩ፣ ደብተሬ። በጣም አፈርኩ። ሳጥኑን እንደሚያዞሩልኝ ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው።

«አብሽሪ ልጄ። ለእህትሽ ‹ራሱ ይበስላል› ስትያት ሰማሁ። ደስታሽን ላበላሽብሽ?»

ግንቦት 13፣ ረፋድ 4 ሰ.
ከመ/ቤት ፈቃድ ወሰድኩ። ትኩሳታቸው ቀንሷል። ጆጉን ሞልቼ አልጋቸው አጠገብ አኖርኩ። ምስር ነው፣ ሥጋ የለበትም፤ አብረን እንበላለን። ድስቱ ለሁለት ልክ ነው። በመስኮት እየተጣሩ ነው፤ «ጥላው ደረሰ፣ አዙሪው እንጂ!» እያሉ። ልሂድ።