በአንድ «ኻሊ» አጎት ሆንኩ

መተማ ዮሐንስ፣ ቅዳሜ ኅዳር 13

ዛሬ ኬላው ላይ ከሱዳኗ ገላባት ብቻዋን የተሻገረች፣ ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ያዝን። «ያዝን» ማለቴ ለወጉ ነው፤ እጄን የያዘችው እሷ ናት።

አሥር አለቃው «የእናንተ የኢሚግሬሽኖች ጉዳይ ነው» አለኝ። እኔ «ልጅ አይደለች እንዴ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ነው» አልኩት። እነሱ ጋ ስንደውል «ሰኞ አምጧት» አሉ። ይሄኔ ልጅቷ እጄን ሳብ አድርጋ «ኻሊ» አለችኝ።

አሥር አለቃው ፊቱ በራ። «ኻሊ ማለት አጎቴ ማለት ነው» ብሎ መዝገቡ ላይ «ዘመድ ተገኝቷል» ብሎ ጻፈ። ሱዳን ውስጥ ጢም ያበቀለ ሁሉ ኻሊ እንደሚባል ባስረዳውም «ሕጉ ለዘመድ ስጡ ነው የሚለው፣ ፈርም» አለኝ። ፈረምኩ። ስንወጣ እሱንም «ኻሊ» አለችው፤ መዝገቡን ግን ዘግቶታል።

ኻል የእናት ወንድም ነው። እኔ እህት የለኝም፤ ይህን ደግሞ ከእናቴ በላይ የሚያውቅ የለም። መንገዱን ሙሉ ምን እንደምላት ሳወጣ ሳወርድ ቤት ደረስን። እናቴ አንድም ነገር ሳትጠይቅ የልጅቷን እግር አጠበች፤ ከዚያ ፊቷን ትክ ብላ አይታ «አፍንጫዋ የእኛ ቤት ነው» አለች።

ስለ ሰኞ ገና አልነገርኳትም።