የዮሐንስ ማንዶሊን ዕድሜ

ሰኞ፣ የካቲት 6 ቀን 1987

በማንዶሊኑ ሆድ ውስጥ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር 38 ነው።

የቀበሌው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ፊት በባትሪ አየነው፤ እኔና የከሰስኩት ሰው፣ ታደሰ። በ1970 ወንድሜ ዮሐንስ ታስሮ በቀረ በወሩ ታደሰ መጥቶ «ለኪነት ቡድናችን ነው፣ ለበዓሉ ብቻ» ብሎ ማንዶሊኑን ከእናቴ እጅ ወሰደ። አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው። አሁን የራሴ ነው ይላል።

ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ በራ። «አያችሁ! የ38 ሥራ ነው። እኔ በ50 ፒያሳ ከአንድ አርመን ገዛሁት። ያኔ ዮሐንስ ንፍጡን መጥረግ አያውቅም።» ጸሐፊው ጻፈ። ታደሰ ፈረመ።

በር ላይ ዞር ብሎ፣ «ጋዜጠኛዋ፣ ይሄ እንኳ በጋዜጣሽ ማረሚያ የሚወጣበት አይደለም» አለኝ።

ዮሐንስ በ1957 በመጀመሪያ ደመወዙ ገዝቶ፣ ገና ከካርቶኑ የወጣ አዲስ ነው እያለ ነበር ያመጣው። ደረሰኝ የለኝም። በ38 ከተሠራ ደግሞ አዲስ ሊሆን አይችልም። ምሳ አልበላሁም።

ማክሰኞ

ከቁጥሩ በፊት ሁለት የጃፓን ፊደል፣ ከኋላው አንድ አለ። ትናንት በእርሳስ ገልብጫቸው ነበር።

ጎፋ አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ይኖራል። ቤቱን የምትይዘው አስቴር የዕድራችን አባል ናት፤ አስገባችኝ። ሰውዬው ወረቀቴን አይቶ ቶሎ አነበበው። እነሱ ዓመት የሚቆጥሩት ንጉሡ ከነገሠ ጀምሮ ነው። 38 ማለት በነገሠ በሠላሳ ስምንተኛው ዓመት ማለት ነው፤ በፈረንጅ 1963። በእኛ 1955 ወይም 56።

ታደሰ ማንዶሊኑን ገና ሳይሠራ ገዝቶታል። ፈርሞበታል።

አስቴር በሳቅ ፈረሰች። «እትዬ፣ አሁኑኑ ሄደሽ ንገሪው እንጂ!» አልነገርኩትም። ሻይ ስታቀርብልኝ ሁለት ማንኪያ ስኳር አስጨመርኩ።

ረቡዕ

ያለኝን ለየሁ። ውሸቱ ተረጋግጧል። የእኛ መሆኑ ግን ገና ነው። ወረቀቱም ኋላ የተለጠፈ ነው ሊል ይችላል።

ነፋስ ስልክ ክራርና ጊታር የሚጠግኑትን ጋሽ መኮንንን ይዤ ሄድኩ። ጸሐፊው ፊት ትንሽ መስታወት አስገብተው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ወረቀቱ የፋብሪካው ነው። ሙጫው ከእንጨቱ ጋር አብሮ አርጅቷል።» ከዚያ ጀርባውን ገልብጠው አንገቱ ሥር በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉ። «ይሄ ስንጥቅ ግን በጫማ ማስቲሽ ነው የተያዘው። የማን ጅል ሥራ ነው?»

የወንድሜ ነው። ከቁም ሳጥን ላይ ወድቆበት በማስቲሽ እንዳጣበቀው፣ የት ቦታ እንደሆነም በክሴ ላይ ጽፌያለሁ። ታደሰ በመልሱ «ወድቆ አያውቅም» ብሏል።

ጸሐፊው የሁለታችንን ጽሑፍ ጎን ለጎን አደረገ። የ38ን ትርጉምም አስመዘገብኩት።

ሐሙስ

ታደሰ ሽማግሌ ላከ፤ ሦስት ናቸው። ወሬው እንዴት እንደደረሰው አልጠየቅሁም።

«ልጄ፣ ማንዶሊኑን ይልቀቅልሽ፣ አንቺም ክሱን አንሺ። ሽማግሌ ነው፤ ልጆቹ ፊት አታዋርጂው።»

«ውሸቱንስ የት እናድርገው?» አልኳቸው።

«ለእግዜር ተዪው።»

«እግዜር ቃለ ጉባኤ አይዝም፣ አባባ።» አንደኛው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ በነጠላቸው ሸፈኑት።

ከተፈረደበት ይግባኝ እንደሚል ነገሩኝ። ያኔ ማንዶሊኑ ዓመትም ይሁን ሁለት ዓመት ጸሐፊው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። እናቴ ካልጋ ከወደቀች ሦስተኛ ወሯ ነው።

ሲወጡ ጠራችኝ። «ፍርዱ ለእኔ ምኔ ነው? የልጄን ዕቃ አምጪልኝ።»

እኔ የምፈልገው ዳኛው «በ50 ገዛሁ ያለው ሐሰት ነው» ብሎ ሲያነብ፣ ታደሰም በኪነቱ ጊዜ ባጨበጨበለት ሰፈር መሀል ቆሞ ሲሰማ ማየት ነው። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። «ታውቂበታለሽ» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሽማግሌዎቹ መልሴን ነገ ከቀትር በፊት ይፈልጋሉ። ፍርዱ የሚነበበው ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ነው።